ምዕራፍ 6፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ያደረ ሰው ጠዋት ወደ ቤቱ የሚመለሰው በራስ ምታት፣ በሀፍረትና በጥቂት ወረቀቶች ነው። ራስ ምታቱ እስከ ማታ ይለቀዋል። ሀፍረቱ ይቆያል። ወረቀቶቹ በዚያው ቀን መነበብ ሲገባቸው ብዙውን ጊዜ ተጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ይገባሉ፤ ሚስት እንዳታይ፣ ልጆች እንዳይጠይቁ፣ ነገሩም የተረሳ እንዲመስል። በዚህ ምዕራፍ ወረቀቶቹን ከመሳቢያው አውጥተን እናነባቸዋለን፤ ከዚያም ሰውየውን እስከ ዳኛው ፊት እናደርሰዋለን።

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፦ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፌርፋክስ። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት፣ ታክሲና ኡበር የሚነዳበት፣ ቅዳሜ ማታ ሰርግና ክርስትና የሚጠራበት አካባቢ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያሉት የዋሽንግተን ዲሲና የሜሪላንድ ሕጎች ከዚህኛው ይለያሉ። ስለዚህ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመድ «እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የወጣሁት» ብሎ የሚሰጠው ምክር፣ ከልብ የመነጨም ቢሆን፣ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ለምሳሌ በሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ እንዳይታገድ ለመከራከር የሚፈልግ ሰው ማመልከቻውን በ10 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ፍርድ ቤቱ ገና ስሙን ሳይጠራው ያ ቀነ ገደብ ያልፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀጠሮ የፍርድ ቀን አይደለም። ምስክር አይሰማም፣ ቪዲዮ አይታይም። ዳኛው ክሱን ያነባል፣ ሊያስከትል የሚችለውን ቅጣት ይነግራል፣ «ጠበቃ አለህ? ትቀጥራለህ? ወይስ ፍርድ ቤቱ ያቁምልህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላ ቀን ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ ከ5 ደቂቃ አያልፍም። ሰዉ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲዘጋጅ የሚያድረው ለማስረዳት ነው፤ እንዴት አንድ ሁለት ብቻ እንደጠጣ፣ ቤቱ ቅርብ እንደነበረ፣ ከዚያ በፊት ወንጀል የሚባል ነገር እንደማያውቅ። ይህ ዝግጅት ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። በዚያ ቀን የሚጠቅመው ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት የተሠራው ሥራ ነው። በችሎት ውስጥ ከአፍ የሚወጣው ቃል ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

አንድ ሰው እናስብ። ዕድሜው 40 ገደማ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ይኖራል፣ ግሪን ካርድ አለው፣ ለዜግነት ሊያመለክት ሰነድ እያሰባሰበ ነው፣ ኡበር ይነዳል። ከክርስትና ድግስ ሲመለስ መስመር ስቶ ፖሊስ አስቆመው። መንገድ ዳር ቀጥ ባለ መስመር አራመደው፣ በአንድ እግሩ አቆመው፣ ትንሽ የእጅ መሣሪያ ላይ አስተነፈሰው፣ ካቴና አስገባለት። ጣቢያ ወስዶ ደግሞ በትልቁ ማሽን አስተነፈሰው። ከዚያ ማጂስትሬት ፊት አቀረበው። ማጂስትሬቱ ዳኛ አይደለም፤ ቀንና ሌሊት ተራ እየገባ የክስ ማዘዣ የሚያወጣና ዋስትና የሚወስን የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሰውየው እንደሚቀርብ ፈርሞ ወጣ።

አሁን ወረቀቶቹ። ዋናው የእስር ማዘዣው ነው። በላዩ ላይ የሕጉ ቁጥር አለ፦ 18.2-266። ቀጥሎ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይገኛሉ። ጉዳዩ የሚታየው በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ነው፤ እዚያ ዳኛ እንጂ የሕዝብ ዳኞች ጉባኤ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተከሰሰ ሰው ወንጀሉ አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ይባላል። «ቀላል» የሚለው ቃል ማንንም እንዳያዘናጋ፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ አለው። ከመቀጮው 250 ዶላሩን ዳኛው ቢፈልግም ሊምረው አይችልም። ጥፋተኛ የተባለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ለ1 ዓመት ይታገዳል።

ሁለተኛው ወረቀት የ7 ቀን እገዳ ማስታወቂያ ነው። ይህ ከፍርድ ጋር አይገናኝም፤ ሰውየው ከተያዘበት ሰዓት ጀምሮ መቁጠር የጀመረ አስተዳደራዊ እገዳ ነው። በእነዚያ ቀናት «ሥራዬ ነው፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ» ብሎ መሪ የጨበጠ ሰው ሁለተኛ ወንጀል በራሱ ላይ ይጨምራል። የሜሪላንድ ወይም የዲሲ መንጃ ፈቃድ ያለውም ከዚህ አያመልጥም፤ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ቢሆንም በቨርጂኒያ መንገድ ላይ የመንዳት መብቱ ታግዷል።

ሦስተኛው ማሽኑ ያወጣው የምርመራ ውጤት ነው፤ በእሱ ላይ ያለው ቁጥር የጉዳዩን ክብደት ይወስናል። 0.08 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕጉ ሰውየው ሰክሯል ብሎ ይነሣል። 0.15 ከደረሰ ጥፋተኛ ሲባል ቢያንስ 5 ቀን የግድ ይታሰራል፤ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን። መኪናው ውስጥ ልጅ ከነበረም ሌላ 5 ቀን ይታከላል። መንገድ ዳር በትንሿ መሣሪያ የታየው ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ ፖሊሱ ለመያዝ በቂ ምክንያት እንደነበረው ለማሳየት እንጂ ጥፋተኛነትን ለማስረዳት አይቀርብም። ሁለቱን ቁጥሮች እያምታታ በፍርሃት የሚቀልጥ ሰው ብዙ ነው፤ ጠበቃው የሚጠይቀው የጣቢያውን ነው።

ስለ ቀኑና ስለ ሰዓቱ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ወሩ ቀድሞ ቀኑ ተከትሎ ነው። 9:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ነገር ግን በጭንቀት ላይ ላለ፣ ለእናት ወይም ለአጎት በስልክ ቀጠሮውን በአማርኛ ለሚያስረዳ ሰው በቀላሉ ይምታታል። ቀጠሮ የቀረ ሰው ላይ ዳኛው የመያዣ ትእዛዝ ያወጣል፤ አለመቅረብ ራሱን የቻለ ወንጀልም ነው። ስሙም እንዲሁ መታየት አለበት። በችሎቱ መግቢያ በሚለጠፈው ዝርዝር ላይ ሰው የሚፈለገው «በቤተሰብ ስም» ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ በዚያ ቦታ ያለው የአባቱ ወይም የአያቱ ስም ነው፣ እሱም ፖሊሱ እንደሰማው ተጽፎ ሊሆን ይችላል። በአያቱ ስም የተመዘገበ ሰው ራሱን በአባቱ ስም ሲፈልግ ቢያጣ «ክሱ ተሰርዟል» ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ በስምና በመዝገብ ቁጥር የሚፈለግበት ነጻ የኢንተርኔት መዝገብ አላቸው፤ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት ገብቶ አጻጻፉን፣ ቀኑንና የችሎቱን ክፍል ማረጋገጥ ይቻላል። አጻጻፉ ከመታወቂያው ከተለየ ለጠበቃው ይነገር።

ከወረቀቶቹ ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ መጻፍ ነው፤ ትዝታ ቶሎ ይለዋወጣልና። ሰውየው በተያዘ ማግስት ቁጭ ብሎ በአማርኛ፣ ሳያሳምር ይጻፍ። ስንት ሰዓት ላይ ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ መቼ አቆመ? የቤት ጠጅ ከሆነ ጠጅ ብሎ ይጻፈው፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያልና «ሁለት ብርሌ» የሚለው ብቻ ብዙ አይናገርም። ፖሊሱ ለምን እንዳስቆመው ምን አለ? የመራመጃውን ፈተና ሲያዝ በምን ቋንቋ፣ በምን ፍጥነት ተናገረ? ፈተናው ተረከዝን ከጣት እያገናኙ 9 እርምጃ ሄዶ፣ በታዘዘው መንገድ ዞሮ፣ 9 እርምጃ መመለስ ነው፤ ፖሊሱ የሚቆጥረው መንገዳገድን ብቻ ሳይሆን መመሪያ ሳያልቅ መጀመርን፣ እርምጃ ማሳሳትን፣ በሌላ መንገድ መዞርንም ነው። እንግሊዝኛውን በግማሽ የሰማ ሰው ሳይሰክርም በእነዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል። መንገዱ ተዳፋት ነበር? ጫማው ምን ዓይነት ነበር? ጉልበቱን ወይም ወገቡን ያመዋል? ይህ ሁሉ ለጠበቃው ዋጋ አለው። በወረቀቱ ራስ ላይ «ለጠበቃዬ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከጠበቃው በቀር ለማንም አይታይ፣ በቴሌግራምም ለጓደኛ አይላክ። ሰውየው ልብ ያላለው ቪዲዮም ሊኖር ይችላል፤ የነዳጅ ማደያ ወይም የሬስቶራንት ካሜራ የቀረጸው ከቀናት በኋላ በላዩ ስለሚቀዳበት ጠበቃው ቶሎ ማወቅ አለበት።

ጠበቃ መያዝን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ያለ ጠበቃ አይቀረብ። «መጀመሪያ ቢሆን ምን ያደርጉሃል፣ ጥፋተኛ ነኝ በልና ተገላገል» የሚለው ምክር በቡና ላይ በቀላሉ ይሰጣል፤ ዕዳውን የሚከፍለው መካሪው አይደለም። አቅም የሌለው ሰው ፍርድ ቤቱ እንዲያቆምለት ይጠይቃል። ገቢውን የሚገልጽ ቅጽ ይሞላል፤ በመሠረቱ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 125 በመቶ የማያልፍ ሰው ይፈቀድለታል። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀት፣ የኡበር ገቢ ማጠቃለያ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የልጆች ወጪ የሚያሳይ ሰነድ ይያዝ። ጥፋተኛ ከተባለ የጠበቃው ወጪ በፍርድ ቤት ክፍያ ላይ ይታሰብበታል፤ ግን ገንዘቡ ከግል ጠበቃ ጋር አይወዳደርም። ዳኛው «ያለ ጠበቃ መቅረብ እፈልጋለሁ» የሚል ወረቀት የማስፈረም ምርጫም ሊያቀርብ ይችላል። ነገሩን ለማሳጠር ብሎ እዚያ ላይ መፈረም አያዋጣም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ ወይም ዳኛው እስራት እንደማይጠይቅ አስቀድሞ ያሳውቃል። ያን ጊዜ መንግሥት ጠበቃ የማቆም ግዴታ አይኖርበትም። ለአሜሪካዊ ተከሳሽ ይህ እፎይታ ነው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን ዋናው ጉዳት ከእስር ቤት ውጭ ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ተበድሮም ቢሆን ጠበቃ ማነጋገር ይገባል።

ስለዚህ ጉዳት በስፋት ልናገር። በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፓዲላ በኬንታኪ ላይ በተባለው መዝገብ የወንጀል ጠበቃ ደንበኛው ዜጋ ካልሆነ የጥፋተኝነት ቃል መስጠቱ ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመምከር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ የመጀመሪያው የጠበቃ ስብሰባ ላይ መባል ያለበት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ዜጋ አይደለሁም» ነው፤ ጠበቃው እስኪጠይቅ አይጠበቅ። ተራ የሆነ፣ ሰው ያልተጎዳበት ጠጥቶ መንዳት ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ብዙውን ጊዜ አያስባርርም፤ በ2004 ያው ፍርድ ቤት ሊዮካል በተባለ መዝገብ ጠጥቶ ነድቶ ሰው ማቁሰል እንኳ ለማባረር በሚያበቃው «የኃይል ወንጀል» ውስጥ እንደማይገባ ወስኗል። ይህ ግን ነገሩ እዚያ ያበቃል ማለት አይደለም። ለዜግነት የሚያመለክት ሰው ባለፉት 5 ዓመታት መልካም ጠባይ እንደነበረው ማሳየት አለበት፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ የለውም ተብሎ ይገመታል፣ ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክምም የእሱ ነው። በቪዛ ያለ ተማሪ ወይም ሠራተኛ በመያዙ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝበት ይችላል። በጊዜያዊ ከለላ ላይ ያለ ሰው ሁለት ቀላል ወንጀሎች ከከለላው ያስወጡታል። ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ መጥፋት ግን መፍትሔ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛ ማኅበረሰብ በተለይ ሊያውቀው ይገባል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በአንደኛው የአደገኛ ዕፆች መደብ ውስጥ ነው። መኪናው ሲፈተሽ ጫት ከተገኘና የዕፅ ክስ ከተጨመረ፣ ከኢሚግሬሽን አንጻር አስፈሪው ክስ ያኛው ይሆናል፤ ዕፅ ይዞ በመገኘት መቀጣት ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሊያስባርር ይችላልና። «ሁለቱንም ልመንና ልገላገል» ብሎ የሚፈርም ሰው ትልቁን አደጋ በትንሹ ስም ይቀበላል።

ለሾፌሮች ደግሞ እንጀራው ራሱ አለ። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በግል መኪናው ጠጥቶ ተይዞ ቢፈረድበትም እንኳ ለ1 ዓመት ከባድ መኪና እንዳይነዳ ይደረጋል። የኡበርና የሊፍት ሾፌር የጥፋተኝነት ውሳኔ ካለበት ለዓመታት ከሥራው ይታገዳል። ወደ ሥራና ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደመሄድ ላሉ ጉዳዮች የሚፈቅድ የተወሰነ መንጃ ፈቃድ ዳኛው ሊሰጥ ይችላል፤ ከ2012 ወዲህ ግን መጀመሪያ ጊዜም ቢሆን መኪናው ላይ ኢንተርሎክ እንዲገጠም ይጠይቃል፤ ትንፋሽ ካልነፉበት ሞተር የማያስነሳ፣ እየነዱም ደግመው እንዲተነፍሱ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ቫሳፕ የሚባለው የአልኮል ትምህርትም ግዴታ ነው። ኢንሹራንሱም እንዲሁ ይወደዳል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሰው እንዲሸበር አይደለም፤ ለጠበቃው የሚጠየቁ ጥያቄዎች እነዚህ ስለሆኑ ነው።

ይህን ስጽፍ ጠጥቶ መንዳትን እያቃለልሁ እንዳይመስል። በ2022 በአሜሪካ መንገዶች ላይ ጠጥተው ከነዱ ሰዎች ጋር በተያያዘ አደጋ ከ13 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። «በሞቴ፣ አንዲት ብቻ» ብሎ ቁልፍ ለያዘ እንግዳ የሚቀዳ ጋባዥ ይህን ቁጥር ማወቅ አለበት። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አልኮልን ከደም አያወጣም፤ የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ነው። መጠጥ አልቆርጥ ያለው ሰው ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይጠብቅ እርዳታ ይፈልግ፤ መቼና በምን መልክ ቢጀምር ለመዝገቡ እንደሚሻል ከጠበቃው ይማከር።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ እንበል። ሰውየው ቢያንስ ከ45 ደቂቃ በፊት ይድረስ፤ መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፣ ሰልፉም ይረዝማል። አንዳንድ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ስልክ አያስገቡም፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በወረቀት ታትሞ ይያዝ። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚለብሰውን ንጹሕ ልብስ ይልበስ። የመጠጥ ሽታ ይዞ ችሎት መግባት ወዲያው ወደ ማረፊያ ቤት ሊወስድ እንደሚችል ለመናገር እንኳ ይከብዳል፤ ግን «ፍርሃቴን ላብርደው» ብሎ ጠዋት የሚቀምስ አለ።

አስተርጓሚ በወንጀል ጉዳይ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ግን ሁልጊዜ ሕንጻው ውስጥ ስለማይኖር ከቀጠሮው ቀናት ቀደም ብሎ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሥራ ላይ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አስተርጓሚ መጠየቅ ያሳፍረዋል። አያሳፍር። ፒዛ ማዘዝና የሕግ መብትን አሳልፎ መስጠት አንድ ቋንቋ አይደሉም። ዳኛው «ገብቶሃል?» ሲል የእኛ ሰው ልማድ አንገት መነቅነቅ ወይም ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት ነው። ያ ድምፅ ዳኛው ጆሮ ላይ መልስ አይደለም፤ እንዲያውም ድንጋጤ ይመስላል። መልስ ጮክ ብሎ፣ ባጭሩ ይሰጥ። ካልገባ «አልገባኝም» ማለት አክብሮት ማጣት አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ዝም ማለት ነው። ያደግነው በሽማግሌ ፊት ያጠፋ ሰው ጥፋቱን አምኖ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ እያየን ነው፤ አመነ ማለት ግማሹ ቀለለለት ማለት ነበር። ስለዚህ ካባ የለበሰ ዳኛ ሲያይ «ጌታዬ፣ አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ማለት ለብዙ ሰው ከልብ የሚወጣ ጨዋነት ነው። በዚህ ችሎት ያ ቃል የእምነት ቃል ነው፣ ዐቃቤ ሕጉም አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ንስሐው ለንስሐ አባት ይሁን፤ ዳኛው ፊት የሚባለው «ጠበቃ እፈልጋለሁ» ወይም «ጠበቃዬ እገሌ ነው» ብቻ ነው። ኮሪደር ላይ ያገኙትን ፖሊስ ሰላም ብሎ ማለፍ ነው፤ ስለዚያ ሌሊት ማውራት አያስፈልግም።

ሲወጣ አዲስ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠዋል። በሩ ላይ ሳይሆን እዚያው ጽሕፈት ቤቱ መስኮት አጠገብ ያንብበው፤ የጠበቃው ስም፣ ስልኩ፣ ቀጣዩ ቀን የፍርድ ክርክር ይሁን ወይስ ጠበቃ መያዙ የሚጣራበት። ያልገባውን እዚያው ይጠይቅ። የተመደበው ጠበቃ በሳምንት ውስጥ ካልደወለ ሰውየው ራሱ ይደውል፣ ካላገኘው መልእክት ይተው፣ የደወለበትንም ቀን ይጻፍ። ተመዳቢ ጠበቆች ብዙ መዝገብ አለባቸው፤ ቀድሞ የደወለ ደንበኛ መዝገቡ ቀድሞ ይከፈታል፣ የማደያው ካሜራ ቪዲዮም ሳይጠፋ ሊጠየቅ ይችላል።